የእድር ገንዘብ ያዥ «በላ» ተብሎ ቴሌግራም ላይ ተጻፈ፤ ነገሩ እውነት ከሆነም ስም ማጥፋት ነው?

ፀሐፊው (አዳማ) ጠየቀ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ሕግ የምታውቁ እስቲ አንድ ነገር አስረዱን።

ነገሩ አዳማ ውስጥ ያለ የአንድ ሰፈር እድር ጉዳይ ነው። አባላቱ 212 ናቸው። የቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ግን የአባላት ልጆችም፣ ሰፈር የለቀቁም ስላሉበት 340 ሰው ይደርሳል። አንድ አባል ግሩፑ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ገንዘብ ያዡ ከጥቅምት እስከ ጥር 86,400 ብር አውጥቶ ደረሰኝ ያቀረበው የ61,000 ብር ብቻ ነው። 25,400 ብራችንን በልቷል። ድሮም ሌባ ነው። ሚስቱ ሱቅ የከፈተችው በምን ሆነና?»

ከሥሩ የእድሩን የባንክ ስቴትመንት ፎቶ አንስቶ ለጠፈ። ገንዘብ ያዡ ፖሊስ ጣቢያ አመለከተ፤ ለጻፈው አባል መጥሪያ ደርሶታል። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፣ ስቴትመንቱም የእድሩ ነው። ታዲያ እውነት ጽፎ ይቀጣል? የሚጠየቀውስ በየትኛው ሕግ ነው? ጣቢያ ሲሄድ ምን ይበል? ጽሑፉን አሁን ቢያጠፋው ይሻላል ወይስ ይብስበታል?

ጠበቃ ዘፍራንኮ መለሰ፦

በመጀመሪያ «እውነት ከሆነ ነፃ ነው» የሚለውን ከጭንቅላታችሁ አውጡት። በእኛ የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) እውነት ብቻውን አያድንም። አንቀጽ 613 ንዑስ አንቀጽ 1 አንድ ሰው የሌላውን ክብር ወይም መልካም ስም ለመጉዳት አስቦ፣ ለሦስተኛ ሰው አንድን ድርጊት ወይም ጠባይ ካወራበት፣ ነገሩ እውነት ቢሆንም እንኳ ይቀጣል ይላል። ቅጣቱ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ውሸት መሆኑን እያወቀ ከሆነ ወደ ንዑስ አንቀጽ 2 ይሄዳል፤ እዚያ እስራቱ ከአንድ ወር አያንስም፣ መቀጮውም ይጨመራል።

አንቀጽ 614 ላይ መከላከያው አለ፤ ግን ሁለት እግር ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ የተናገርኩት እውነት ነው ብሎ ማስረዳት። ሁለተኛ፣ ለመጉዳት ሳይሆን ለሕዝብ ጥቅም ወይም ከዚያ ለሚበልጥ ዓላማ ነው ብሎ ማስረዳት። የመጀመሪያውን ብቻ ያስረዳ ሰው ከ«ሐሰት» ወጥቶ «ስም ማጥፋት» ላይ ይቀራል። ሸክሙም በተከሳሹ ላይ ነው። ሌላው ወንጀል ላይ ዐቃቤ ሕግ ሁሉንም ያስረዳል እያላችሁ እዚህም እጃችሁን አጣጥፋችሁ እንዳትቀመጡ።

አሁን ጽሑፉን ቆራርጠን እንየው፤ አራቱ ዓረፍተ ነገሮች ሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

«86,400 ወጥቶ የ61,000 ደረሰኝ ቀረበ» በስቴትመንትና በደረሰኝ የሚረጋገጥ ፍሬ ነገር ነው። የ212 ሰው መዋጮ ስለሆነም የጋራ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ መጥሪያው ራሱ ባልመጣ።

«በልቷል» ሌላ ነገር ነው። ጉድለት ሁሉ መብላት አይደለም። እድር ውስጥ ሌሊት ሞት ሲመጣ ለመቃብር ቆፋሪ የሚከፈል፣ ለተጨማሪ ድንኳንና ወንበር ኪራይ ተሯሩጦ የሚሰጥ፣ ደረሰኝ የማይቆረጥለት ወጪ ብዙ ነው። ስለዚህ ይህ አባል ማስረዳት ያለበት ደረሰኝ አለመኖሩን ሳይሆን ገንዘቡ ለግል መዋሉን ነው። ስቴትመንቱ ይህን አያሳይም። ገንዘቡ ከሒሳቡ መውጣቱን እንጂ የት እንደገባ አይናገርም። አብዛኛው «ማስረጃ አለኝ» ባይ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

«ድሮም ሌባ ነው» ደግሞ የተለየ ድርጊት የማይጠቅስ ስድብ ነው። ብቻውን ቢሆን አንቀጽ 615 ነው፤ እስከ ሦስት ወር። እውነት ነው ብሎ መከላከል አይቻልም፤ ምኑ ይረጋገጣል? ከዚያ የባሰው «ድሮም» የምትለዋ ቃል የቆየ ቂም አለ ለሚል ዐቃቤ ሕግ ትመቸዋለች።

«ሚስቱ ሱቅ የከፈተችው...» መከላከያውን የሚገድለው ይሄ ነው። ሴትየዋ የእድሩ ሹም አይደለችም፤ ሱቋም የጋራ ጉዳይ አይደለም። ለሕዝብ ጥቅም ነው የጻፍኩት ያለ ሰው ይህን ለምን ጨመርክ ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የለውም። በዚያ ላይ እሷም በራሷ ስም አቤቱታ ማቅረብ ትችላለች።

መዝገብ ቤት መለሰ፦

ከላይ የተባለው ጥሩ ነው፤ ግን ዋናው ጥያቄ ተዘሏል። ጽሑፉ የተለጠፈው ቴሌግራም ላይ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 3 በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት የሌላን ሰው ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ፣ ምስል ወይም ድምፅ ያሰራጨ ሰው፣ አቤቱታ ሲቀርብበት፣ እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም በሁለቱም ይቀጣል ይላል። ስልክም ኮምፒውተር ነው፤ አትከራከሩ።

ስለዚህ ቡና ላይ ቢያወራው ስድስት ወር የሆነው፣ ግሩፕ ላይ ሲጽፈው ሦስት ዓመት ሊሆን ይችላል።

ፍርድ ቤቱም ይለያያል። አዋጅ 958 የመጀመሪያ ደረጃ ዳኝነቱን የሰጠው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። በክልል ይህን ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት በውክልና የሚሠራበት የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። አዳማ ወረዳ ፍርድ ቤት በ958 የቀረበ ክስ ቢያይ ሥልጣን የለህም ይባላል። በ613 የቀረበ ከሆነ ግን ወረዳው ያየዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለጀማሪ ጠበቆች፦ ክሱ በ613 ወረዳ ፍርድ ቤት ከቀረበ «ልዩ ሕግ እያለ በጠቅላላ ሕግ ተከሰስን» ብላችሁ ለመቃወም አትቸኩሉ። ተቃውሞው ቢሳካ ደንበኛችሁ ከስድስት ወር ጣሪያ ወደ ሦስት ዓመት ጣሪያ ነው የሚዛወረው። እንዲህ ያለ ድል ማንም አይፈልግም።

ሌሎቹን ሕጎች ቶሎ ልጨርስ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀል አውጥቶ የፍትሐ ብሔር አድርጎታል፤ ግን የእድር ግሩፕ መገናኛ ብዙኃን አይደለም፤ በእሱ መጠለል አይቻልም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 ደግሞ ሐሰቱ ሁከት፣ ግጭት ወይም አመፅ የማስነሣት ዕድሉ ከፍተኛ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የ25,400 ብር ጭቅጭቅ እዚያ አይደርስም። ፖሊስ መጥሪያው ላይ ይህን አዋጅ ከጠቀሰ ስህተት ነው።

ጠበቃ ዘፍራንኮ መለሰ፦

@መዝገብ ቤት ልክ ነህ፣ 958ን መዝለል አልነበረብኝም። ግን አንድ ነገር ልጨምር፦ 13(3) «ስም ማጥፋት» ምን እንደሆነ ራሱ አይተረጉምም። ስለዚህ ትርጉሙ ከ613፣ መከላከያውም ከ614 መወሰድ አለበት ብሎ መከራከር ይቻላል።

መዝገብ ቤት መለሰ፦

መከራከር ይቻላል፤ ይሳካል ማለት ግን አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 3 ወደ ሌሎች የወንጀል ሕጎች የሚያሻግረው ጠቅላላ መርሆችን ነው። 614 ያለው በልዩ ክፍሉ ውስጥ ነው። ዳኛው «በ958 ላይ እንዲህ ያለ መከላከያ አልተጻፈም» ቢሉ ምን ትላለህ? እኔ ብሆን ሁለቱንም መሥመር ይዤ ነው የምገባው፤ 614ን አንሥቼ፣ ከሥሩ ደግሞ የጠቅላላ ክፍሉን መከላከያ። ሐሳብ የለም (አንቀጽ 58)። በቸልተኝነት ተደረገ ቢባል ደግሞ ሕጉ በግልጽ ካልደነገገ በቸልተኝነት አይቀጣም (አንቀጽ 59)። በሕግ የታወቀ የግል መብትን በአግባቡ መጠቀም ነው (አንቀጽ 68)። የእድር አባል ስለ መዋጮው ሒሳብ መጠየቅ መብቱ ነው። «በአግባቡ» የምትለዋ ቃል ላይ ግን ሚስቱ እንደገና ትመጣለች።

ጠበቃ ዘፍራንኮ መለሰ፦

ተስማምተናል። ያቺ ዓረፍተ ነገር ባትኖር ኖሮ የእኛም ክርክር ግማሹ ባልኖረ።

ዲጂታል ሰነድ መለሰ፦

ስለ ማስረጃው ማንም አልተናገረም። ሁለቱም ወገን የሚበላሽበት ይሄ ነው።

ለአመልካቹ፦ የተቆረጠ ስክሪንሾት ብቻ ይዞ መሄድ ደካማ ነው። የግሩፑ ስም፣ የላኪው መገለጫ፣ ሰዓትና ቀን፣ «ተስተካክሏል» የሚለው ምልክት ካለም እሱ፣ ሁሉም በአንድ ምስል ላይ መታየት አለባቸው። የላኪው ስም ቴሌግራም ላይ በፈለገ ጊዜ ይቀየራል። ስለዚህ መገለጫውን ተጭኖ የተጠቃሚ ስሙንና ስልኩ የሚታይ ከሆነ ስልኩን መያዝ ያስፈልጋል፤ ስልኩ ከተያዘ ሲም ካርዱ በማን ስም እንደተመዘገበ ማጣራት ለፖሊስ ቀላል ነው። በኮምፒውተር ቴሌግራም ላይ ደግሞ የግሩፑን ታሪክ በሙሉ ወደ ፋይል የሚያወጣ አማራጭ አለ፤ ከስክሪንሾት ይልቅ እሱ ይሻላል፤ ምክንያቱም ከፊትና ከኋላ ያለው ንግግር አብሮ ይወጣል። ጽሑፉን ያነበቡ ሁለት ሦስት ምስክር ይጨመርበት። «ለሦስተኛ ሰው ደርሷል» የሚለው የሚረጋገጠው በእነሱ ነው።

ለተከሳሹም ሙሉው ታሪክ ይጠቅመዋል። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ሒሳብ ይቅረብልን ብሎ ጠይቆ መልስ ካጣ፣ ያ ቀድሞ የተጻፈው ጥያቄ ለሕዝብ ጥቅም መሆኑን ከማንም ምስክር በላይ ያስረዳል። ጽሑፉን ሲያጠፋ እሱንም አብሮ እንዳያጠፋ።

ማጥፋቱን በተመለከተ፦ ወንጀሉ ተፈጽሟል፤ ስለዚህ ማጥፋት ክሱን አይሰርዝም። ስርጭቱ እንዲቆም ግን ያደርጋል፤ ለቅጣት ማቅለያም ይሆናል። መጀመሪያ ሙሉውን ቅጂ ያስቀምጥ፣ ከዚያ ያጥፋ። ቅጂ ሳያስቀምጥ ካጠፋ ሌላው ወገን ያቀረበው የተቆረጠ ምስል ብቸኛው ማስረጃ ሆኖ ይቀራል።

ሌላም አለ። ጽሑፉ አማርኛ ነው፤ አዳማ ላይ ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ክሱ ላይ የሚሰፍረው ትርጉሙ ስለሚሆን ትርጉሙን ቃል በቃል አመሳክሩ። «በላ» በኦሮምኛም «ኛቴ» ስለሚባል ብዙ አያጣላም። «ሆነና?» የምትለዋን ጥያቄ ግን አንዳንድ ተርጓሚ ማረጋገጫ አድርጎ «በዚያ ገንዘብ ከፈተች» ብሎ ያመጣታል። ያ ሌላ ጽሑፍ ነው። ተከሳሹ ቋንቋውን የማይሰማ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(7)።

ፀሐፊው (አዳማ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጣቢያ የሚቀርበው ሰኞ ነው። ምን ይበል? የእድሩ ዳኛና ሽማግሌዎች እናስታርቅ እያሉ ነው፤ ከፖሊስ በኋላ እርቅ ይሠራል?

የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ መለሰ፦

ጣቢያ ላይ ቃል መስጠት አይገደድም፤ ዝም የማለት መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ አለ፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉም አንቀጽ 27 ላይ ይህንኑ ይላል። ብዙ ሰው ግን ተናዶ ይገባና «አዎ ጽፌያለሁ፣ ሌባ ስለሆነ ነው፣ ገና አዋርደዋለሁ» ብሎ ይፈርማል። በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፉንም፣ የመጉዳት ሐሳቡንም አምኖ ሰጠ ማለት ነው። 614ን ለመጠቀም መጻፉን ማመን ያስፈልጋል፤ ግን ያ የሚታመነው ፍርድ ቤት ነው፣ ከጠበቃ ጋር ከተመከረ በኋላ። ጣቢያ ላይ መናገር ከፈለገ «የሒሳብ ጉድለት እንዲጣራ ነው የጠየቅሁት፣ ሰነዶቼን አቀርባለሁ» ብሎ ይቁም።

እርቅ ይሠራል፤ በደንብ ይሠራል። 613ም፣ 615ም፣ የ958 አንቀጽ 13(3)ም በግል አቤቱታ የሚያስቀጡ ናቸው። አመልካቹ አቤቱታውን ካነሣ ነገሩ ያበቃል። ግን የቃል እርቅ በቂ አይደለም። ሽማግሌ አስታርቆ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ ሁለት ወር ቆይቶ መጥሪያ ሲመጣ «ታርቀን ነበር እኮ» የሚል ሰው ብዙ ነው። እርቁ በወረቀት ይጻፍ፤ ምን እንደሚጠፋ፣ ማስተካከያው በዚያው ግሩፕ ላይ በየትኞቹ ቃላት እንደሚለጠፍ፣ ሒሳቡ በማን እንደሚመረመር ይግባበት። ሁለቱም ወገኖች፣ ሽማግሌዎቹም ይፈርሙ። አመልካቹ ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ የመተው ደብዳቤ ያስገባና ገቢ የተደረገበትን ቅጂ ይያዝ። ሚስትየው ለብቻዋ አመልክታ ከሆነ ለብቻዋ ትፈርም።

የጊዜ ነገርም አለ። የግል አቤቱታ መቅረብ ያለበት ተጎጂው ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ነው። ካለፈ መብቱን እንደተወ ይቆጠራል። ጽሑፉ የተለጠፈበትን ቀንና አቤቱታው ገቢ የሆነበትን ቀን አስተያዩ። ካለፈ፣ ክሱ እንደተነበበ ወዲያው በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ (1954) አንቀጽ 130 መሠረት መቃወሚያ ይቅረብ። በዚያው አንቀጽ ሌላም ጠቃሚ መቃወሚያ አለ፦ ሌላ ጉዳይ ሳይወሰን ይህ ሊወሰን አይችልም የሚል። አባሉ በገንዘብ ያዡ ላይ በእምነት ማጉደል (የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675) አመልክቶ ያ መዝገብ ፍርድ ቤት ከደረሰ፣ የስም ማጥፋቱ እውነትነት የሚወሰነው እዚያ ስለሆነ ይህን ማንሣት ይቻላል። ለብቀላ ሲባል ግን የእምነት ማጉደል አቤቱታ እንዳይሰጥ። ንጹሕ መሆኑን እያወቁ መክሰስ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 447።

ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ አይበቃም ብሎ መዝገቡን ቢዘጋም አልቋል ብላችሁ አትተኙ። በግል አቤቱታ በሚያስቀጣ ወንጀል ላይ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ክስ አልመሠርትም ያለ ዐቃቤ ሕግ፣ ተበዳዩ ራሱ የግል ክስ እንዲያቀርብ በጽሑፍ ፈቃድ ይሰጠዋል (የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 44)። እንዲህ ያለ ክስ ላይ ፍርድ ቤቱም መጀመሪያ ለማስታረቅ ይሞክራል።

ሒሳብ አጥሪ መለሰ፦

አንድ ጥያቄ ለባለሙያዎቹ፦ ገንዘብ ያዡ ወንጀሉን ትቶ በፍትሐ ብሔር ቢከስስ ምን ያገኛል?

ጠበቃ ዘፍራንኮ መለሰ፦

በገንዘብ ብዙ አያገኝም። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2116 የሕሊና ጉዳት ካሳን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ገድቦታል፤ ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ የጠበቃ የማመልከቻ ክፍያ አይሸፍንም። የደረሰ የገንዘብ ኪሳራ ካለና ካስረዳ፣ ለምሳሌ ከሥራ ከተባረረ፣ ያ ለብቻው ይታያል። ይልቅ የሚጠቅመው ፍርዱ በተከሳሹ ወጪ እንዲታወጅለት መጠየቅ ነው። ክሱን በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት።

የሚገርመው ነገር፣ ግሩፑ ላይ ለጻፈው አባል ፍትሐ ብሔሩ ከወንጀሉ ይቀለዋል። አንቀጽ 2047 ላይ የተባለው ነገር እውነት መሆኑን ያስረዳ ሰው አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ለመጉዳት ብቻ ብሎ ከሆነ ነው። አንቀጽ 2046 ደግሞ ሕዝብን በሚመለከት ጉዳይ ላይ ሐሳብ መስጠትን ይፈቅዳል። እስር ቤት የሚያስገባው ሕግ ከካሳው ሕግ ይልቅ እውነትን ጠበቅ አድርጎ መያዙ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ግን የተጻፈው እንደዚያ ነው።

ፀሐፊው (አዳማ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የእድሩ የሒሳብ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ቅዳሜ ይሰበሰባል። ከሰኞው መጥሪያ በፊት ለእነሱ በደብዳቤ ቢያመለክት ይጠቅመዋል?

የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ መለሰ፦

በጣም ይጠቅመዋል፤ ከመጀመሪያም መሄድ የነበረበት ወደዚያ ነው። ጉዳዩን የማጣራት ኃላፊነት ላለበት አካል በቅን ልቦና ማመልከትና ለ340 ሰው መለጠፍ ዳኛ ፊት አንድ አይደሉም። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ «ከጥቅምት እስከ ጥር ከእድሩ ሒሳብ 86,400 ብር ወጪ ሆኗል፤ የቀረበው የ61,000 ብር ደረሰኝ ነው፤ የቀሪው 25,400 ብር ወጪ በሰነድ ወይም በምስክር እንዲብራራልን፣ ውጤቱም ለጠቅላላ ጉባኤ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ።» ስቴትመንቱ ይያያዝ፤ ሁለት ቅጂ ተደርጎ አንዱ ላይ ኮሚቴው «ተቀብያለሁ» ብሎ ቀን ጽፎ ይፈርምለት። ቀኑ ከክሱ በኋላ ስለሆነ ስለ ቀድሞው ሐሳቡ ብዙ አያስረዳም፤ የምርመራው ውጤት ግን ለ614 የመጀመሪያ እግር ያስፈልገዋል።

መዝገብ ቤት መለሰ፦

ደብዳቤውን ደግሞ ፎቶ አንሥቶ ግሩፑ ላይ እንዳይለጥፈው። ሱቋንም አያንሣ።